ዛፍ ሳይቆረጥ ደን ይጠበቃል? በእንግሊዝ አገር አነስተኛ የግል ደን ስለመግዛት

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ በደቡብ ምሥራቅ ለንደን የሚኖሩ ጠያቂ ከወንድማቸው ቤተሰብ ጋር ሆነው በኬንት ለሽያጭ የቀረበ 4 ኤከር ገደማ ደን ለመግዛት አስበዋል። ልጆቹ ቅዳሜና እሑድ የሚውሉበት፣ ቡና የሚፈላበት፣ በበጋ ድንኳን ተተክሎ የሚታደርበት፣ ውሎ አድሮም አንዲት የእንጨት ጎጆ የሚሠራበት ቦታ እንዲሆንላቸው ይፈልጋሉ። «ሐሳባችን አንድም ዛፍ ሳንቆርጥ ደኑን ለአእዋፍና ለአራዊት ጠብቀን ማቆየት ነው» ይሉና፣ ከመግዛታቸው በፊት ምን ማጣራት እንዳለባቸው ይጠይቃሉ።

ውድ ጠያቂ፣

ሐሳብዎ መልካም ነው፤ ሊፈጸምም ይችላል። በኢትዮጵያ መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ በመሆኑ ደን መግዛት የሚለው ነገር ራሱ ለጆሮ እንግዳ ይሆናል፤ እዚህ ግን ደን እንደ ማንኛውም መሬት በግለሰብ ስም ተመዝግቦ ይገዛል፣ ይወረሳል። 4 ኤከር ወደ 1.6 ሄክታር ነው፤ በእኛ አገር አነጋገር ከስድስት ጥማድ ትንሽ ከፍ ይላል። ለሁለት ቤተሰብ መዋያ ይበቃል፣ በእጅ መሣሪያ ለመንከባከብም አይከብድም። ሆኖም ከጥያቄዎ ውስጥ ሁለት ነገሮችን ማረም ይኖርብኛል። አንደኛው ጎጆዋ ናት፤ ሁለተኛው «አንድም ዛፍ ሳንቆርጥ» ያሉት ነው። ሁለተኛው የደኑን ሕይወት የሚወስን ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እመለስበታለሁ፤ ከሁሉ በፊት ግን የመግቢያውን መንገድ እንይ፤ እዚያ ላይ እንከን ከተገኘ ሌላውን ማየት አያስፈልግምና።

አነስተኛ ደኖች ብዙውን ጊዜ ለገበያ የሚወጡት አንድ ገዢ ሰፊ ደን ገዝቶ በጥቂት በጥቂት ኤከር ከፋፍሎ ሲሸጣቸው ነው። በዚህ አከፋፈል ከአስፋልቱ እስከ እርስዎ ድርሻ የሚደርሰው የውስጥ መንገድ የሌላ ሰው ንብረት ሆኖ ሊቀር ይችላል፤ ያን ጊዜ እርስዎ የሚኖርዎት በዚያ ላይ የማለፍ መብት ብቻ ነው። መብቱ በሰነዱ ላይ የሰፈረበትን ቃል አንድ በአንድ ማንበብ ያስፈልጋል። «በማንኛውም ጊዜ፣ ለማንኛውም ዓላማ፣ በእግርም በተሽከርካሪም» ከተባለ ሐሳብ አይግባዎት። «ለደን ሥራ» ብቻ ከተባለ ግን እንጨት ጭኖ መውጣት ይቻላል፤ ልጆችን ጭኖ ለሽርሽር መግባት ግን የመንገዱ ባለቤት ሊከለክለው የሚችል ነገር ይሆናል። አንድ ቤተሰብ ይህን ያወቀው ገንዘቡን ከከፈለ ከሁለት ዓመት በኋላ ነበር፤ የመንገዱ ባለቤት በሩ ላይ አዲስ ቁልፍ አንጠልጥሎ፣ መግባት የሚቻለው የደን ሥራ ሲኖር ብቻ መሆኑን በደብዳቤ አስታወቃቸው። ደብዳቤውን ይዘው ሲመጡ ሰነዱን ከእነርሱ ጋር ቁጭ ብዬ አነበብኩት፤ ሰውየው የጻፈው ልክ ነበር። ከዚያ ወዲህ ምክር ለሚጠይቀኝ ሁሉ ከዛፉ በፊት ስለ በሩ እነግራለሁ። ጠበቃዎ ላንድ ሬጂስትሪ ከተባለው የመሬት መዝጋቢ መሥሪያ ቤት የባለቤትነት መዝገቡንና ካርታውን ሲያወጣ፣ የማለፍ መብቱን ቃል፣ መንገዱን የሚጠግነው ማን እንደሆነና መኪና የት ሊቆም እንደሚችል በጽሑፍ እንዲያሳውቅዎ ይጠይቁት። ደኑ ዊልድ በሚባለው የሸክላ አፈር አካባቢ ከሆነ ደግሞ በየካቲት፣ ዝናብ በዘነበ ማግስት ሄደው ይዩት። በነሐሴ እንደ ጠፍጣፋ ድንጋይ የደረቀው መንገድ በክረምት፣ ማለት እዚህ በሚበርድበት ወራት፣ የቤት መኪና እስከ ሆዷ ሊውጥ ይችላል።

በዚያው ሰነድ ውስጥ ኮቨናንት የሚባሉት የውል ገደቦችም ይገኛሉ። ከፋፍሎ የሚሸጥ ሰው ጎረቤቶች እንዳይጣሉ ብሎ የሞተር ብስክሌት ውድድርን፣ የተኩስ ስፖርትን፣ ለገንዘብ የሚደረግ የድንኳን ማረፊያን ይከለክላል። አብዛኛው ገደብ ለእርስዎ ዓይነት ገዢ ጥበቃ ነው። የአደን መብት ወይም ከመሬት በታች ያለው ማዕድን ለቀድሞው ባለቤት ተይዞ መቅረቱን ግን ለይተው ይጠይቁ፤ ልጆችዎ በሚጫወቱበት ደን ውስጥ ሌላ ሰው ጠመንጃ ይዞ የመግባት መብት ካለው አስቀድሞ መታወቅ አለበት። የሕዝብ የእግር መንገድ በደኑ ውስጥ ያልፍ እንደሆነም ከካውንቲው ካውንስል፣ ማለት ከአካባቢው አስተዳደር፣ ካርታ ይታያል። በእንግሊዝ ሰው በግል ደን ውስጥ እንደልቡ የመዘዋወር አጠቃላይ መብት የለውም፤ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የስኮትላንድ ሕግ ግን በኃላፊነት እስከተጠቀመ ድረስ ለማንም ሰው ይህን መብት ስለሚሰጥ፣ እዚያ የገዛ ወዳጅ የሚነግርዎ ነገር ለኬንት አይሠራም።

ወደ ጎጆዋ ልምጣ። ደን መግዛት የመኖሪያ ወይም የማደሪያ ቤት የመሥራት መብት አያስገኝም። ሕጉ ያለ ሙሉ የግንባታ ፈቃድ የሚፈቅደው ለደን ሥራ በእርግጥ የሚያስፈልግን ሕንፃ ነው፤ እሱም ቢሆን ሥራው ከመጀመሩ በፊት ለካውንስሉ ማሳወቅና 28 ቀን መጠበቅ ያስፈልገዋል። መጋዝ፣ መጥረቢያና የሥራ ልብስ የሚቀመጥባት፣ ዝናብ ሲመጣ የምታስጠልል ትንሽ መጋዘን በዚህ መንገድ ልትፈቀድ ትችላለች። አልጋ፣ ምድጃና መጋረጃ ሲገቡባት ግን መጋዘንነቷ ያበቃል፤ ካውንስሉም እንድትፈርስ ሊያዝ ይችላል። ደኑ ጥንታዊ ተብሎ ከተመዘገበ ደግሞ የግንባታ ነገር እጅግ ይጠብቃል። በእንግሊዝ ጥንታዊ ደን የሚባለው ቢያንስ እ.ኤ.አ. ከ1600 ጀምሮ ሳይቋረጥ ደን ሆኖ የቆየ መሬት ነው፤ በመላው ብሪታንያ የቀረው ከጠቅላላው መሬት 2.5 በመቶ ገደማ ብቻ በመሆኑ ጥበቃው ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ። ድንኳን ቀለል ይላል፤ መሬትን በዓመት ለተወሰኑ ቀናት ለጊዜያዊ አገልግሎት ማዋል የሚፈቅድ ደንብ አለ፤ ሆኖም ልዩ ጥበቃ በተደረገላቸው ቦታዎች ላይ ገደብ ስላለበትና ተጎታች የመኪና ቤት የራሱ ሕግ ስላለው ካውንስሉን በጽሑፍ መጠየቅ ይሻላል። ለቡናው የማንም ፈቃድ አያስፈልግም፤ ከመሬት ከፍ ባለ የብረት ማንደጃ ላይ ይፈላ፣ ዙሪያው ከደረቅ ቅጠል ይጸዳ፣ አንድ ጀሪካን ውኃ ከአጠገብ አይጥፋ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። «አንድም ዛፍ ሳንቆርጥ» የሚለው ሐሳብ ከየት እንደመጣ አውቀዋለሁ፤ እኔም ይዤው የመጣሁት ነው። በሰሜን ኢትዮጵያ ደጋ አገር በቀሉ ደን ከእርሻውና ከግጦሹ ተርፎ የቀረው በአብዛኛው በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ነው፤ የተረፈውም ሰው ለደብሩ ካለው ፍርሃትና አክብሮት የተነሳ መጥረቢያ ስላልገባበት ነው። ያ ደን ከብትና መጥረቢያ ሲከለከሉለት ይድናል። የኬንት ደን ታሪክ ሌላ ነው። እዚህ ሄዘልና ቼስትነት የተባሉት ዛፎች ለብዙ መቶ ዓመታት ከሥር እየተቆረጡ ኖረዋል፤ ለቢራ የሚሆነው ሆፕ የሚታሰርበት እንጨት፣ የአጥር ፍልጥ፣ የዊልድ የብረት ማቅለጫዎች ያነደዱት ከሰል ሁሉ የወጣው ከዚህ ነው። የተቆረጠው ጉቶ አይሞትም፤ በሚቀጥለው ጸደይ ዙሪያውን ያቆጠቁጣል። በባህር ዛፍ አገር ላደገ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም፤ እንግሊዞች ኮፒስ የሚሉት ይኸው ነው። ሄዘል ከሰባት እስከ አሥር ዓመት፣ ቼስትነት ከአሥራ ሁለት እስከ ሃያ ዓመት እየቆየ ይቆረጣል።

ታዲያ የደኑ ፍጥረት ሁሉ ኑሮውን ከዚህ ዙር ጋር አስማምቷል። አንድ ክፍል ሲቆረጥ ብርሃን መሬት ይነካል፤ ለዓመታት በጨለማ ውስጥ የቆዩ ብሉቤልና ፕሪምሮዝ የተባሉ አበቦች በሁለተኛውና በሦስተኛው ጸደይ ምድሩን ያለብሱታል፣ ቢራቢሮውም አበባውን ተከትሎ ይመጣል። ከአምስት እስከ ስምንት ዓመት ሲሆነው ቁጥቋጦው ሰው የማያሳልፍ ጥቅጥቅ ይሆንና ናይቲንጌል የተባለችው ወፍ ትሰፍርበታለች። ከዚያ ቅርንጫፎቹ ገጥመው ጥላው ይመለሳል፣ ሌላ ክፍል ይቆረጣል። የእንጨቱ ገበያ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሲቀዘቅዝ ቆራጩ ቀረ፤ ደኑ ሳይነካ ተዘጋ፣ ምድሩም ጨለመ። ለሽያጭ ከሚቀርቡት የኬንት ደኖች ብዙዎቹ ዛሬ ያሉት በዚህ ሁኔታ ነው፦ ከአንድ ጉቶ ስድስትና ሰባት ሆነው የወጡ ረጃጅም ቀጫጭን ግንዶች፣ ከሥራቸው ቡናማ የቅጠል ምንጣፍ፣ ከዚያ ውጭ ምንም። ጸጥታውን ገዢ ይወደዋል፤ እኔ ግን የወፍ ድምፅ የጠፋበት ደን ሆኖ ይሰማኛል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1987 ሌሊቱን የነፈሰው ታላቅ ማዕበል በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ 15 ሚሊዮን ገደማ ዛፍ ሲጥል (ስሟ ሰባት ኦክ ማለት የሆነው የሰቨኖክስ ከተማ ከሰባቱ ዛፎቿ ስድስቱን ያጣችው በዚያ ሌሊት ነው) ብዙ ሰው ደኑ አለቀ ብሎ አዝኖ ነበር። በቀጣዮቹ ጸደዮች ብርሃን ያገኘው መሬት በአበባና በችግኝ ሲሸፈን ግን፣ ለእነዚህ ደኖች ክፍተት ምን ያህል አስፈላጊ እንደሆነ ብዙዎቻችን እንደገና ተማርን።

ስለዚህ ለ4 ኤከርዎ የምመክረው ይህን ነው። የመጀመሪያውን ዓመት ምንም አይቁረጡ፤ በአራቱም ወቅት እየሄዱ የት ምን እንደሚያብብ፣ ውኃ የት እንደሚተኛ፣ ትላልቆቹ ኦኮች የት እንዳሉ በካርታ ላይ ይመዝግቡ። ከዚያ ግማሹን፣ ማለት 2 ኤከሩን፣ ለዘለቄታው ሳይነካ ይተዉት፤ ያረጁ ዛፎች፣ የወደቁ ግንዶችና የበሰበሱ ጉቶዎች ያሉበት ክፍል ይሁን። ልጆቹ ጭራሮ ለቅመው ቦታውን «ለማጽዳት» ሲነሱ ይከልክሏቸው፤ የሞተ እንጨት የጥንዚዛው፣ የእንጉዳዩና የግንደ ቆርቁሩ ቤት ነው። ሌላውን 2 ኤከር በአራት እኩል ክፍል ይክፈሉና በየአራት ዓመቱ አንዱን ግማሽ ኤከር በክረምት ይቁረጡ፤ የቼስትነቱ ዙር በአሥራ ስድስት ዓመት ይሞላል። ከግማሽ ኤከር ያነሰ ቀዳዳ የጎረቤት ዛፍ ጥላ ይውጠዋል። አቆራረጡ ቀላል ነው፦ በተቻለ መጠን ወደ መሬት ዝቅ ብሎ፣ ውኃ እንዳይተኛበት የጉቶውን ፊት ወደ ውጭ አዘንብሎ መቁረጥ። ከዚያ በኋላ ያለው ጠላት አጋዘን ነው። ዛሬ በእንግሊዝ ያለው የአጋዘን ብዛት አዲሱን ቀንበጥ በአንድ በጋ ግጦ ጉቶውን ሊገድለው ስለሚችል፣ የተቆረጠውን ቅርንጫፍ እንደ እሾህ አጥር በክፍሉ ዙሪያ መከመር ወይም ለጥቂት ዓመታት በሽቦ ማጠር ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1876 ከሰሜን አሜሪካ መጥቶ የተለቀቀው ግራጫ ሽኮኮም የወጣት ዛፎችን ልጥ ይልጣል።

መቁረጥ ፈቃድ እንደሚጠይቅ አይርሱ። እ.ኤ.አ. በ1967 በወጣው የደን ሕግ መሠረት ባለቤት ያለ ፈቃድ ሊቆርጥ የሚችለው በየሦስት ወሩ እስከ 5 ሜትር ኪዩብ ነው፤ ከዚህም ውስጥ ከ2 ሜትር ኪዩብ በላይ መሸጥ አይችልም። ከጉቶ ያቆጠቆጠ እንጨት በ1.3 ሜትር ከፍታ ሲለካ ውፍረቱ 15 ሴንቲ ሜትር ካልሞላ ፈቃድ አያስፈልገውም፤ ለአርባ ዓመት የተረሳ ቼስትነት ግን ከዚህ ስለሚያልፍ ለመጀመሪያው ዙር የፎረስትሪ ኮሚሽን ፈቃድ ማውጣት ይኖርብዎታል። ፈቃዱ በነጻ ይሰጣል፤ የኮሚሽኑ የደን መኮንኖችም በትንሽ ባለቤት የማይሰለቹ፣ ደኑ ድረስ መጥተው የሚመክሩ ሰዎች ሆነው አግኝቻቸዋለሁ። ያለ ፈቃድ የቆረጠ ሰው ግን ጣሪያ የሌለው የገንዘብ ቅጣት ሊፈረድበትና መልሶ እንዲተክል ሊታዘዝ ይችላል። ካውንስሉ በደኑ ላይ የዛፍ ጥበቃ ትእዛዝ አውጥቶ እንደሆነ፣ ቦታው ናቹራል ኢንግላንድ በተባለው የተፈጥሮ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ልዩ ሳይንሳዊ ጠቀሜታ ያለው ተብሎ ተመዝግቦ እንደሆነም ከመግዛትዎ በፊት ይጣራ፤ እነዚህ ካሉ ቅርንጫፍ ለመግረዝ እንኳ ተጨማሪ ፈቃድ ሊያስፈልግ ይችላል።

በጉብኝትዎ ቀን አሽ የሚባለውን ዛፍ ለብቻው ይመልከቱልኝ። ከምሥራቅ እስያ የመጣው የአሽ በሽታ እ.ኤ.አ. በ2012 በብሪታንያ ከተገኘ ወዲህ ይህን ዛፍ እየጨረሰው ነው፤ እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ሊሞት እንደሚችል ይገመታል። ምልክቱ በቅርብ ሲታይ አይሳትም፦ በበጋ ቅጠሉ ጠቁሮ ይጠወልጋል፤ የዛፉ ጫፍ እንደ አሮጌ መጥረጊያ ይሳሳል፤ ትንሽ ቅርንጫፍ ከግንዱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ልጡ በሞላላ መልክ ጠቁሮና ሰርጉዶ ይታያል። የሞተ አሽ ቶሎ ተሰባሪ ስለሚሆን ባለሙያ እንኳ ሊወጣበት ይፈራል፤ አስቆርጦ ማስወገዱም ውድ ነው። በደኑ መካከል ያለው የሞተ ዛፍ ቆሞ ይበስብስ፣ ጉዳት የለውም። በአስፋልት ዳር ወይም በሕዝብ መንገድ ላይ ያዘነበለው ግን ወድቆ ሰው ቢጎዳ ተጠያቂው ባለቤቱ ነው። ስለዚህ ከመሐሉ ይልቅ ዳር ዳሩን ይዙሩ፣ በመንገድ ዳር ያሉትን አሾች ይቁጠሩ፤ ቁጥሩ ከበዛ የማስቆረጫውን ወጪ ከዋጋው ላይ እንዲቀነስልዎ ይጠይቁ። የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስም በገዙበት ቀን መጀመር አለበት። ሌሊት መጥቶ ቆሻሻ የሚደፋ ሰው ቢኖር እንኳ በግል መሬት ላይ የተጣለውን የማንሳት ወጪ የባለቤቱ ነው።

ስለ ገንዘቡ ብዙ አልልም። አነስተኛ ደን በኤከር ሲሰላ ከሰፊ ደን ይወደዳል። ተራው የቤት ብድር ለደን ስለማይሰጥ ብዙ ሰው በእጁ ባለው ገንዘብ ይገዛል። ዋጋው ከ150,000 ፓውንድ በታች የሆነ መኖሪያ ያልሆነ መሬት የዝውውር ቀረጥ አይከፈልበትም። ደን ከግብር ነጻ ነው ሲባል የሰሙት ለንግድ የሚለማውን የእንጨት ደን ይመለከታል፤ ለመዝናኛ የሚገዛ ሰው በዚያ ተስፋ ባይገዛ ይመረጣል። በጨረታ ከሆነ ደግሞ መዶሻው በወደቀ ቅጽበት ውሉ ስለሚጸና፣ ከላይ ያልኩት የሰነድ ምርመራ ሁሉ ከጨረታው ቀን በፊት ማለቅ አለበት።

ከወንድምዎ ጋር መግዛትዎን በተመለከተ ግን አንድ ነገር አጥብቄ እለምናለሁ። በአንድ የመሬት መዝገብ ላይ በባለቤትነት ሊሰፍሩ የሚችሉት ቢበዛ አራት ሰዎች ናቸው፤ ሁለት ባልና ሚስት ሞላችሁ ማለት ነው። የጋራ ባለቤትነቱ ዓይነት ሁለት ነው፦ በአንደኛው አንዱ ሲሞት ድርሻው በሕይወት ላሉት ባለቤቶች ያልፋል፤ በሁለተኛው የእያንዳንዱ ድርሻ ለየልጆቹ ሊወረስ ይችላል። ለሁለት ቤተሰብ የሚስማማው ሁለተኛው ነው። ማን ስንት እንዳዋጣ፣ አንዱ መውጣት ቢፈልግ ድርሻው እንዴት እንደሚገመት፣ ኢንሹራንሱንና የአጥሩን ወጪ ማን እንደሚከፍል በጠበቃ ፊት ተጽፎ ይፈረም። ከወንድም ጋር ውል መጻጻፍ ነውር የሚመስለው ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ፍቅራችሁ ባለበት ዛሬ የተጻፈ ወረቀት ግን ነገ ልጆቻችሁ ደኑን ሲካፈሉ የእናንተን ቃል ይነግራቸዋል።

የመጨረሻው ሥራ የልጆቹ ነው። ደኑ ውስጥ ሄዘል ካለ፣ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ሲሄዱ ከዛፉ ሥር ባዶ የፍሬውን ቅርፊት እንዲለቅሙ ያድርጉ። ለሁለት የተሰነጠቀው የሽኮኮ ሥራ ነው። ክብ ቀዳዳ ያለው፣ የቀዳዳው የውስጥ ጠርዝ ተሞርዶ እንደተወለወለ የለሰለሰ፣ ከውጭ ዙሪያውን ደግሞ ያዘነበሉ ጥቃቅን የጥርስ ምልክቶች ያሉበት ቅርፊት ካገኙ፣ በደኑ ውስጥ ዶርማውስ አለች ማለት ነው። ወርቃማ ጸጉር ያላት፣ በአውራ ጣት የምትተካከል፣ ክረምቱን በቅጠል ሥር መሬት ላይ ተጠቅልላ የምትተኛ እንስሳ ናት፤ በሕግ በጥብቅ የተጠበቀች ስለሆነች የትኛው ክፍል መቼና እንዴት እንደሚቆረጥ እርሷ ትወስናለች። ቅርፊቱን በወረቀት ጠቅልለው፣ ያገኙበትን ቦታ በካርታው ላይ ምልክት አድርገው ለደን መኮንኑ ያሳዩ፤ የመቁረጫው ዕቅድ ከዚያ ነጥብ ተነስቶ ይሠራል።